ደጅ ጥናት፦ ከድንኳን መጋረጃ እስከ ሚኒስቴር ኮሪደር

በኢትዮጵያ የአስተዳደር ታሪክ ውስጥ «ደጅ ጥናት» የሚባለው፣ ሹመት፣ ርስት፣ ፍርድ ወይም ምሕረት የሚፈልግ ሰው በጌታው ደጃፍ ለሳምንታት፣ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት እየተመላለሰና ፊቱን እያሳየ ጉዳዩ እስኪነሣለት የሚጠብቅበት ልማድ ነው። ልማዱ በንጉሠ ነገሥቱ ግቢ ብቻ የተወሰነ አልነበረም፤ በዐፄው በር አደግድጎ የሚቆመው ራስ ወደ ግዛቱ ሲመለስ የእርሱን በር የሚያጣብቡ ደጃዝማቾችና ፊታውራሪዎች ይጠብቁታል፤ እነዚያም በየወረዳቸው የምስለኔውና የጭቃ ሹሙ ጌቶች ስለሆኑ፣ ከላይ እስከ ታች አንዱ የሌላው ደጅ ጠኚ የሆነበት ረጅም ሰንሰለት ይዘረጋል። ሰንሰለቱ መሐል ላይ ያለ ሹም አንድ ቀን ለማኝ፣ በማግሥቱ ተለማኝ ይሆናል፤ የሁለቱንም ጠባይ አሳምሮ ካልያዘም በሹመቱ አይሰነብትም።

ስለ ደጅ ጥናት የተባለው አብዛኛው ነገር በማጎብደዱ፣ በማሳበቁና በእጅ መንሻው ላይ የሚያተኩር በመሆኑ ልማዱ ከውርደት በቀር ሌላ ይዘት ያልነበረው አስመስሎታል። ነገሩ ቀረብ ተብሎ ሲመረመር ግን ደጅ ጥናት ራሱን የቻለ የሥራ ሙያ ሆኖ ይገኛል። የዛሬው የአስተዳደር ትምህርት «የስሜት ብልህነት» የሚለው ችሎታ፣ ማለትም የራስንና የሌላውን ስሜት ለይቶ የማወቅና በዚያም ዕውቀት እየተመሩ የመሥራት ችሎታ፣ በሥነ ልቦና ምሁራን ዘንድ በስፋት መነገር የጀመረው ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር እ.ኤ.አ. በ1990 ካሳተሙት ጽሑፍና ዳንኤል ጎልማን በ1995 ካወጣው መጽሐፍ ወዲህ ነው። በነገሥታቱ ደጅ ግን ይኸው ችሎታ ለዘመናት የእንጀራ ጉዳይ ሆኖ ኖሯል፤ ምክንያቱም ሹመትን የሚሰጥና የሚነሣ የተጻፈ ደንብ በሌለበት፣ የሰው ዕጣ በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ ሲንጠለጠል፣ የዚያን ሰው ፊት ማንበብ ከሥራዎች ሁሉ የመጀመሪያው ሥራ ይሆናል።

በመካከለኛው ዘመን የነገሥታቱ መቀመጫ ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ የድንኳን ከተማ ነበር። ንጉሡ ከሕዝብ ዓይን ተሰውሮ በመጋረጃ ጀርባ ይኖር ስለነበር፣ ቃሉ ወደ ውጭ የሚወጣውና የውጭው ልመና ወደ ውስጥ የሚገባው በጥቂት ባለሟሎች አፍ በኩል ነበር፤ ባለሟል ማለት ከጌታው ዘንድ ያለ ከልካይ የሚገባና የሚታመን ሰው ነው። ከእነዚህም መካከል «ዓቃቤ ሰዓት» የሚባለው ታላቅ ካህን በተለይ በ15ኛው መቶ ዘመን እጅግ የተፈራ ሹም ነበር፤ ወደ ንጉሡ የሚያደርሰውን መንገድ የጠበቀ ሰው ብዙ ሠራዊት ካለው መኰንን ይልቅ ሊከበር እንደሚችል የእርሱ ሹመት ያሳያል።

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 ከሮድሪጎ ደ ሊማ መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር መጥቶ በአገሩ ስድስት ዓመት ያህል ሲቆይ፣ ስለዚህ የመጋረጃ ፖለቲካ በዓይኑ ያየውን ጽፏል። መልእክተኞቹ ራሳቸው የንጉሡን ፊት ከማየታቸው በፊት በሌሊት እየተጠሩ፣ በአማላጅ ቃል እየተጠየቁና መልሰው እየተሰናበቱ ብዙ ቀናት አሳልፈዋል። ከዚህም ይበልጥ የሚገርመው አልቫሬዝ ስለ አገሬው መኳንንት የተወው ምስክርነት ነው። በንጉሡ የተጠራ ታላቅ ሹም ግዛቱን ትቶ በብዙ አጀብ ይመጣና ከሰፈሩ ራቅ ብሎ ድንኳኑን ተክሎ ግባ እስኪባል ይቆያል፤ ሲገባም ከወገቡ በላይ ራቁቱን፣ በትከሻው ላይ የበግ ለምድ ብቻ ጣል አድርጎ ይመላለሳል። ንጉሡ አነጋግሮት ልብስ ለብሶ እስኪወጣ ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ገና ሞገስ እንዳላገኘ ያውቅበታል፤ በለበሰ ቀን ደግሞ ሞገስ ማግኘቱ ያለ ዐዋጅ ይነገራል። አንድ ሹም ከአለቃው ጋር ያለው ግንኙነት በአደባባይ በገላው ላይ የሚነበብበት ሥርዓት ነበር ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ማስጠበቅ የትዕቢት ጨዋታ ብቻ አይመስልም። ደጅ የሚጠና ሹም ከግዛቱ ርቆ፣ ስንቁን እየጨረሰ፣ በንጉሡ ዓይን ሥር ስለሚሰነብት ለማመፅ አይመቸውም፤ ትዕግሥቱና ቁጣው፣ ከማን ጋር እንደሚውልና ማንን እንደሚሸሽ በየቀኑ ይታያል፤ በዚያውም ላይ እርስ በርስ የሚቀናኑ ደጅ ጠኚዎች አንዱ የሌላውን ጉድ ይዞ ስለሚመጣ፣ ንጉሡ ከድንኳኑ ሳይወጣ የአገሩን ወሬ ያገኛል። ቋሚ የመረጃ መሥሪያ ቤት ለሌለው መንግሥት ይህ ርካሽ ዘዴ ነበር፤ ዋጋውን የሚከፍለው ጠባቂው ነውና።

ዐፄ ፋሲለደስ በ1630ዎቹ እ.ኤ.አ. ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ ድንኳኑ በግንብ ተተካ፤ የሹማምንቱን ማዕርግ፣ አቋቋምና አቀማመጥ የሚደነግገው «ሥርዓተ መንግሥት» የሚባለው ጽሑፍም የግቢውን ወግ በዝርዝር መዝግቦ አቆየ። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ወደ ግቢው የገባበት መንገድ የዚያን ዘመን ብልኃት ያሳያል። ብሩስ በእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ግቢ በፈንጣጣ የታመሙትን የታላላቆቹን ቤተሰቦች በማከሙ በመጀመሪያ የእናቶችን ልብ አገኘ፤ በእነርሱ በኩል የራስ ሚካኤል ስሑልን ፊት አየ፤ ውሎ አድሮም ከንጉሡ የባለሟልነት ማዕርግ ተሰጠው። የጎንደር ሰው ይህን መንገድ ከብሩስ አልተማረም፤ የጌታን በር ከማንኳኳት በፊት የእመቤቲቱን፣ የሞግዚቲቱን ወይም የነፍስ አባቱን በር ማንኳኳት እንደሚሻል የታወቀ ነገር ነበር። በዘመነ መሳፍንት ዐፄዎቹ ስማቸው ብቻ ሲቀር ደጅ ጠኚው ያለ ማንም ትእዛዝ ደብረ ታቦር ወዳሉት የየጁ ራሶች በር ዞረ፤ ሥልጣን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው መዛወሩን ከዜና መዋዕል ጸሐፊው ቀድሞ የሚያውቀው ደጅ ጠኚው እንደነበረ ከዚህ መገመት ይቻላል።

የደጅ ጠኚው ዋና መሣሪያ ሸማው ነበር። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በጎንደር አካባቢ ያጠናው አንትሮፖሎጂስት ሳይመን ሜሲንግ፣ ሸማ እንደ አለባበሱ የሚናገር ልብስ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ በዝርዝር አሳይቷል። ከበላዩ ፊት የሚቀርብ ሰው ሸማውን ከትከሻው አውርዶ በደረቱ ወይም በወገቡ ላይ ያስራል፤ ይህም ማደግደግ ይባላል፤ እጁ ነጻ ሆኖ ለመታዘዝ የተዘጋጀ፣ መሣሪያም ያልደበቀ መሆኑን ያሳያል። ከእኩያው ጋር ሲሆን ትከሻውን ሸፍኖ ዘና ይላል፤ ታላቅ ሰው ደግሞ ከበታቾቹ መካከል ሸማውን እስከ አፍና አፍንጫው ተከናንቦ ይቀመጣል፤ ሐዘንተኛው ጥለቱን አዘቅዝቆ ይለብሳል። ስለዚህ በአንድ ግቢ አደባባይ ላይ የቆመ አስተዋይ ሰው፣ የማንንም ድምፅ ሳይሰማ፣ ማን ከማን በላይ እንደሆነ፣ ማን ሞገስ እንዳገኘና ማን እንደተከፋ ከልብሱ መረዳት ይችል ነበር። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን የዚህ ቋንቋ ሌላው ገጽ ነው፤ ልብሱን ትንሽ ዘግየት ብሎ የሚያወርድ ወይም ከወገቡ ይልቅ ከደረቱ ላይ የሚያስር ሰው፣ ቃል ሳይተነፍስ ቅሬታውን ያሰማል፤ ጌታውም ይሰማዋል። አሽሙርና ቅኔ ለአንደበት የሰጡትን ሽፋን ሸማ ለአካል ሰጥቶታል ማለት ይቻላል።

በልብስ ላይ የሰው ምርጫ ይጨመራል። «አጋፋሪ» እንግዳን የሚያስገባና በግብር ላይ ሰውን እንደ ማዕርጉ የሚያስቀምጥ ሹም ነው፤ «እልፍኝ አስከልካይ» ደግሞ የጌታውን የውስጥ ክፍል የሚጠብቅ ነው። ሁለቱም ከራሶችና ከደጃዝማቾች በታች ቢሆኑም ጌታው ዛሬ ደስ ብሎት ይሁን ተቆጥቶ የሚያውቁት እነርሱ ነበሩና፣ ብልህ ደጅ ጠኚ ሙክቱንና የማር ጉንዶውን ወደ ጌታው ከመላኩ በፊት እነርሱን ያስባል። ጉዳዩን የሚያቀርብለት አማላጅ ሲመርጥም በጣም የተወደደውን ባለሟል አይሻም፤ እንዲህ ያለው ሰው ሞገሱን ለሌላ ማባከን አይፈልግም፤ በጣም የራቀውም አይረባውም። የሚሻለው ጌታው ውለታ ያለበት፣ ግን የማይፈራው ሰው ነው።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን ይህ ሁሉ በአዲስ አበባው ታላቅ አዳራሽ ግብር ላይ ጎልቶ ይታይ ነበር። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዝክረ ነገር» የግቢውን ሹመቶችና ሥርዓቶች መዝግበው እንዳስቀሩት፣ ግብር ማለት ጠጅና ብርንዶ የሚቀርብበት ድግስ ብቻ አልነበረም፤ የመንግሥቱ መዋቅር በመቀመጫ ተራ የሚታይበት ጉባኤ ነበር። ታላላቆቹ በመጀመሪያ፣ ሌሎቹ በየማዕርጋቸው በተራ እየገቡ ሲበሉ፣ አንድ ሰው ካለፈው ጊዜ ይልቅ ወደ ዙፋኑ ቀረብ ብሎ ወይም ራቅ ብሎ መቀመጡ ወዲያውኑ ይስተዋላል፤ በመንደሩም ስለ መጪው ሹም ሽር መላምት ይነሣል። «ሹም ሽር» አንዱን ሽሮ ሌላውን መሾም ሲሆን፣ ማንም በአንድ ቦታ ሥር እንዳይሰድ የሚደረግበት ዋነኛ ዘዴ ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው የሕዝብ ተረት ብዙ ጊዜ የሙስና ማመካኛ ተደርጎ ይጠቀሳል፤ ነገር ግን ሹመቱ ነገ ይነሣ አይነሣ ለማያውቅ ሰው የቀረበ ትክክለኛ ስሌት እንደነበረም መካድ አይቻልም።

ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ በአዲሱ ወንበር ላይ የተቀመጡት የአሮጌው ደጅ ሰዎች ነበሩ፤ አፈ ንጉሥ ነሲቡ ለፍርድ፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ለጽሕፈት፣ በጅሮንድ ሙሉጌታ ለገንዘብ፣ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ለንግድና ለውጭ ጉዳይ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ለጦር ተሾሙ። ንጉሠ ነገሥቱ ብዙም ሳይቆዩ በሕመም አልጋ ላይ ሲውሉ የአስተዳደሩ ጥያቄ ተመልሶ ወደ ጥንቱ ጥያቄ ወረደ፤ ወደ ሕመምተኛው ክፍል ማን ይገባል፣ ከዚያስ «እንዲህ ብለዋል» ብሎ ማን ይወጣል? በሩን የያዙት እቴጌ ጣይቱ ስለነበሩ ሹም ሽሩም በእጃቸው ገባ፤ መኳንንቱ በ1902 ዓ.ም. አብረው ተነሥተው እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ ባገለሉ ጊዜ የጠየቁት በመሠረቱ ይህንኑ በር ነበር።

ከእነዚህ ሚኒስትሮች ሁሉ የደጁን ጥበብ ከጫፍ ያደረሱት ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው። በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ወደ ግቢ የገቡ፣ የዘር ሐረግ የማይቆጠርላቸው ሰው ሲሆኑ፣ ከተራ አገልጋይነት ተነሥተው ያለ እርሳቸው ምክር ንጉሥ የማይነግሥበትና የማይወርድበት ደረጃ ደረሱ። «አባ መላ» የሚለው መጠሪያቸው የብልኃታቸው ምስክር ሆኖ ቀርቷል። ዙፋኑን ሊመኙ የማይችሉ መሆናቸውን ሁሉም ማወቁ ታላቁ ሀብታቸው ነበር፤ ስለዚህ ተፎካካሪዎቹ ሁሉ ምሥጢራቸውን ይዘው ወደ እርሳቸው ይመጡ ነበር። የምኒልክ ወራሽ ልጅ ኢያሱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነበሩ፤ ከመናገሻ ከተማቸው ርቀው በየጠረፉ ሲዘዋወሩ የአያታቸውን ሹማምንት ቅያሜና ፍርሃት ሳያነቡ ቀርተው መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። ያቀዱት ነገር የተሻለ ይሁን የከፋ ሌላ ክርክር ነው፤ የወረዱት ግን በቤተ መንግሥት በሌሉበት ነው።

በኢያሱ ምትክ ከነገሡት ከንግሥት ዘውዲቱ ጎን አልጋ ወራሽ የሆኑት ራስ ተፈሪ በአንጻሩ አሥራ አራት ዓመት ታገሡ፤ ሀብተ ጊዮርጊስ በ1919 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ ከእርሳቸው ጋር ፊት ለፊት አልተጋጩም። በ1920 ዓ.ም. የሲዳሞው ገዥ ደጃዝማች ባልቻ ተጠርተው ብዙ ሠራዊት አስከትለው አዲስ አበባ አጠገብ በሰፈሩ ጊዜ የሆነው የዚህ ትዕግሥት ፍሬ ነው። የዘመኑ ተራኪዎች እንደሚሉት ባልቻ ወደ ግብር ተጋብዘው በክብር ሲስተናገዱ፣ ከሰፈራቸው የቀረው ሠራዊት ደሞዙን እየተቀበለ እንዲበተን ተደረገ፤ ግዛታቸውም ለሌላ ተሰጠ። ባልቻ የአድዋ ጀግና ነበሩ፤ ኩራታቸውን ግን ተፈሪ ጠንቅቀው ያውቁት ነበርና፣ በእርሱ በኩል ገቡባቸው።

ተፈሪ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ከነገሡና አገሪቱ ከጣልያን ወረራ ነጻ ከወጣች በኋላ ዘመናዊው ቢሮክራሲ ሲቋቋም ደጁ አልፈረሰም፤ ኮሪደርና የጽሕፈት መኪና ተጨመረለት። የሚኒስትሮችን ሥልጣን የሚወስነው ትእዛዝ ቁጥር 1 በ1935 ዓ.ም. ሲወጣ እያንዳንዱ ሚኒስትር በሥራው ኃላፊ እንደሆነ ቢገለጽም፣ በተግባር ከሁሉም በላይ የቆመው የንጉሠ ነገሥቱን ማኅተምና ደብዳቤ የያዘው ጽሕፈት ሚኒስቴር ነበር። ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ይህን ወንበር ከነጻነት እስከ 1947 ዓ.ም. ይዘው፣ የሌሎቹ ሚኒስትሮች ማመልከቻ በእርሳቸው እጅ እያለፈ፣ በአገሩ ከንጉሠ ነገሥቱ ቀጥሎ የሚፈሩ ሰው ሆኑ። የወደቁትም በዚያው ምክንያት ነው፤ ለብዙ ዓመታት መንገዳቸው የተዘጋባቸው ተቀናቃኞች ተባብረው ጃንሆይን አሳመኑና፣ ወልደ ጊዮርጊስ የአርሲ ጠቅላይ ግዛት ገዥ ተብለው ከመናገሻው ራቁ። እንዲህ ያለው ሽረት በሹመት መልክ ይቀርብ ነበር፤ የጠቅላይ ግዛት ገዥነትና የአምባሳደርነት ወንበር ብዙ ጊዜ የተከበረ ግዞት ሆኖ አገልግሏል።

በዚህ ትግል ስማቸው ከሚነሣው አንዱ መኮንን ሀብተ ወልድ ናቸው። የካህን ልጅ፣ የሀገር ፍቅር ማኅበር መሥራች፣ የንግድና የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት እኚህ ሰው፣ ለሥልጣናቸው በማይመጥን ቀላል ኑሮና በሰፊ የወሬ አቀባይ መረባቸው ይታወቃሉ፤ ወሬያቸውን ይዘው በየቀኑ ጃንሆይ ፊት ይቀርቡ ነበር። ጃንሆይ በበኩላቸው ሹማምንቱን በየግል እየተቀበሉ የአንዱን ዘገባ በሌላው ዘገባ ያመዛዝኑ ስለነበር፣ እያንዳንዱ ሚኒስትር ከሥራ ባልደረባው ጋር ከመምከር ይልቅ ስለ እርሱ ማወቅን ይመርጥ ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ባለመታየት የሚፈጠረው ክፍተት በተቀናቃኝ ቃል ይሞላልና፣ በቢሮው ፋይል ተከምሮ የሚጠብቀው ሚኒስትር ጧቱን በቤተ መንግሥት ያሳልፋል፤ ያለ ጃንሆይ ፈቃድ መወሰንም ብልኃት የጎደለው ድፍረት ሆኖ ይታያል። መኮንን በ1953 ዓ.ም. የታኅሣሥ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከተገደሉት ባለሥልጣናት አንዱ ሆኑ።

ከሙከራው በኋላ ነገሮችን በሕግ ለማስያዝ የተደረገው ጥረት እውነተኛ ነበር። የመንግሥት ሠራተኞችን ቅጥርና ዕድገት በአንድ ደንብ የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1961 ተቋቋመ፤ በ1966 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቻቸውን እንዲመርጡ ተፈቀደ። ነገር ግን ከውጭ አገር ተምሮ የሚመለስ ወጣት በመጀመሪያ የሚደርሰው ቤተ መንግሥት እጅ ለመንሣት ነበር፤ ምደባውም ብዙ ጊዜ ከዚያ ይወጣል። በየሚኒስቴሩ ደግሞ የአጋፋሪውንና የእልፍኝ አስከልካዩን ሥራ ዘበኛው፣ ተላላኪውና ጸሐፊዋ ተከፋፈሉት፤ «ነገ ተመለስ» የሚለውን የሰማ ባለጉዳይ ቃሉ ከማን እንደመጣና ዛሬ ሰውየው በምን ስሜት እንደዋሉ ለማወቅ የሚጠይቀው እነርሱን ነበር። የተማረው ትውልድ ደጅ ጥናትን አምርሮ ጠላው፤ ደረጃና ደንብ የሚያውቅ ሠራተኛ ለማደግ ፊት ማንበብ ሲገደድ የሚሰማው ውርደት ከአያቱ የከበደ ነበር፤ አያቱ ሌላ መንገድ መኖሩን አያውቅምና።

አክሊሉ ሀብተ ወልድ፣ የመኮንን ወንድም፣ ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጠቅላይ ሚኒስትርነት የቆዩት በዚህ ሁለት ፊት ባለው ሥርዓት ላይ ነው፤ በወረቀት የካቢኔ ኃላፊ ሲሆኑ፣ የካቢኔያቸው አባላት ግን እርሳቸውን አልፈው ጃንሆይ ዘንድ ይገቡ ነበር። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥልጣን ለቀቁ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ከብዙ ሹማምንት ጋር ታሰሩ። ለቀድሞ ባለሥልጣናት ተጠያቂነት የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ከእያንዳንዳቸው የጠየቀው፣ በወሎ ረኃብም ሆነ በሌላው ጉዳይ፣ ምን እንደወሰኑና ምን ሳይወስኑ እንደቀሩ ነበር። ጥያቄው ሚኒስትርን በሥራው ኃላፊ ከሚያደርገው ከ1935ቱ ትእዛዝ መንፈስ ጋር ይሄዳል፤ ተጠያቂዎቹ ግን ሙያቸውን ሁሉ ያዋሉት የአንድን ሰው ፈቃድ ቀድሞ በማወቅ ላይ ስለነበር፣ ከፋይሎቻቸው መካከል የራሳቸው ውሳኔ የሚባል ነገር ነጥሎ ማውጣት አስቸጋሪ ነበር። አክሊሉ ለኮሚሽኑ የጻፉት ረጅም ቃል ከዓመታት በኋላ በመጽሐፍ መልክ ታትሟል። ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ ሥልጣን የያዘው ወታደራዊው ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. አክሊሉን ጨምሮ ወደ 60 የሚጠጉ እስረኞችን ያለ ፍርድ ረሸነ።